ልኩ ከእንጨቱ ይወጣል



ወደ ቤቴ የመጣችሁ አይታችሁታል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለሁለት የተሰበረ የእንጨት ቀስት ተሰቅሏል። ደህናው ቀስት ግን አውታሩ ወልቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጓዳ ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው ጊዜ የጥናት ቡድናችን ለሻይ ሲመጣ አንዲት እህት፣ «መምህር፣ ሰው ያማረለትን ይሰቅላል እንጂ የተበላሸበትን ይሰቅላል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስቀን አለፍነው። ጥያቄዋ ግን ሲከነክነኝ ከረመ፤ እነሆ ዛሬ በጽሑፍ ልመልስላት ተነሣሁ። መልሱ በአብዛኛው ስለ እንጨት ነው። ስለ አንድ ወንድምም ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመጣለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። በዕለት ንግግራችን ብዙዎቻችን «ደጋን» የምንለውን መጽሐፍ ቅዱሳችን «ቀስት» ይለዋል፤ ተስፈንጥሮ የሚሄደውን ደግሞ «ፍላጻ»። እኔም በዚህ ጽሑፍ የመጽሐፍ ቅዱሱን አጠራር እከተላለሁ።

ያማረው ጣውላ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርት ወደ አሜሪካ፣ ሚዙሪ ወደሚባለው ግዛት ሄጄ ሁለት ዓመት ቆይቼ ነበር። በጎረቤቴ አንድ ጡረታ የወጡ አናጺ ይኖሩ ነበር። መኪና ማቆሚያቸው ውስጥ መኪና የለም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ እንጨት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስት ይሠራሉ። አገሩም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በጫካው ሂከሪ የሚባለው ጠንካራ ዛፍ አለ፤ በድሮ የእርሻ አጥሮች ላይ ደግሞ ኦሴጅ ኦሬንጅ የሚባል እሾሃማ ዛፍ ይገኛል። ዛፉ ስሙን ያገኘው በዚያ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት የኦሴጅ ሕዝቦች ነው። ቀስት ይሠሩበት ስለነበር ፈረንሳዮች «ቧ ዳርክ»፣ ማለትም «የቀስት እንጨት» ብለው ጠሩት።

በባዕድ አገር ቅዳሜ ይረዝማል። እኔም ከብቸኝነት የተነሣ ቆሜ ማየት ጀመርኩ፤ ከዚያ መጥረግ፣ ከዚያ እንጨት መያዝ። አንድ ቀን «እኔም ልሞክር?» አልኳቸው። «ምን ዓይነት ቀስት ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

መልሴ ዝግጁ ነበር። ሜሪ ሮዝ የምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጠመች። ከ400 ዓመታት በላይ ቆይቶ ፍርስራሿ ሲመረመር፣ ከ130 በላይ ያልተሰበሩ ቀስቶች ከውስጧ ወጡ። የእነዚህን ቀስቶች ፎቶግራፍ በአንድ መጽሐፍ ላይ አይቼ ነበር። ቁመታቸው ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ቀጠን ያሉ፣ ሆዳቸው የተከበበ፣ ግርማ ያላቸው ናቸው። «እንደዚህ ያለ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እንጨት መሸጫ ሄጄ ከቀይ ኦክ ጣውላዎች መካከል በጣም ያማረውን መረጥኩ። ፊቱ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የሚሄድ ጥለት ነበረው። ሽማግሌው ወደ ብርሃን አዙረው ጎንና ጎኑን ተመለከቱት።

«ለምን ይህን መረጥክ?»

«ስለሚያምር።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ መላጊያውን ሰጡኝ። ሦስት ቅዳሜ ሠራሁበት። ስፋቱን 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ አድርጌ፣ ሆዱን አክብቤ፣ ልክ እንደ ፎቶግራፉ አስመሰልኩት። በአራተኛው ቅዳሜ አውታር አስገብቼ ሳብኩ። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደ ሳብኩ እንደ ጥይት ጮኸ፤ የላይኛው ክንድ ተገንጥሎ ግድግዳውን መታ። እጄ ለብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሽማግሌው ስባሪውን አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «አሁን አንብበው» አሉኝ።

«እርስዎ አስቀድመው አይተውት ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬህ ቢሆን ታምነኝ ነበር እንጂ አታየውም ነበር።»

እንጨት እንዴት ይነበባል?

ያን ቀን የተማርኩትን እንደ ገባኝ ላካፍላችሁ። ቀስት ሲገተር ሁለት ኃይሎች በአንድ ጊዜ ይሠሩበታል። ወደ ዒላማው የሚመለከተው ገጽ «ጀርባ» ይባላል፤ ይህ ይለጠጣል። ወደ ተኳሹ የሚመለከተው «ሆድ» ነው፤ ይህ ይጨመቃል። ከመያዣው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱት ሁለቱ ክፍሎች «ክንዶች» ናቸው። ጀርባው መለጠጡን ካልቻለ ቀስቱ ይሰበራል። ሆዱ መጨመቁን ካልቻለ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሰበርም፤ ጎብጦ ይቀራል። አውታሩን ስታወልቁለት ወደ ቀጥታው አይመለስም፤ ፍላጻውንም እንደ ቀድሞው አያስፈነጥርም። ስለዚህ እንጨት በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንዱ ጮኾ ይጎዳል፤ ሌላው ዝም ብሎ ጉልበቱን ያጣል። ይህን ያዙልኝ።

እንጨት በቁመቱ በሚሄዱ ረጃጅም ቃጫዎች የተሠራ ነው። ጀርባው የሚጸናው እነዚህ ቃጫዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጡ ሲሄዱ ነው። በእኔ ጣውላ ላይ ግን መስመሮቹ ከመሀል ተነሥተው ወደ ጎን እየሸሹ በጠርዙ ላይ ይወጡ ነበር። ያ የወደድኩት ሞገድ የተቆራረጡ ቃጫዎች ጥለት ነበር። ስብራቱም የሄደው ያንኑ መስመር ተከትሎ ነው። ለዓይኔ ውበት የነበረው ነገር ለቀስቱ መሰበሪያው ሆነ።

ስለዚህ ከጣውላ የሚሠራ ሰው ፊቱን አይቶ አይገዛም፤ ጎኖቹንም ይመለከታል። መስመሮቹ በፊቱም በጎኑም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ቀጥ ብለው መሄድ አለባቸው። እንዲህ ያለ ጣውላ ብዙ ጊዜ ለዓይን ሜዳ ነው፤ ጌጥ የለውም። ሽማግሌው አንድ ቀን አብረውኝ ሄደው ስልሳ ያህል ጣውላ አገላብጠው ሁለት ብቻ መረጡ።

ከግንድ የሚጀምር ሰው ደግሞ በመጋዝ ከመሰንጠቅ ይልቅ በሽብልቅና በመዶሻ ይፈልጠዋል። መጋዝ እጃችን ወደ መራው ይሄዳል፤ ፍልጥ ግን ቃጫውን ተከትሎ ይሄዳል፤ የእንጨቱንም እውነተኛ መስመር ያሳያል። ከዚያ ዛፉ በየዓመቱ የሚጨምረው የዕድሜ ቀለበት አለ። ሂከሪ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ቀለበት እንዳለ ጀርባ ይሆናል። በኦሴጅ ኦሬንጅ ግን ቅርፊቱና ከሥሩ ያለው ነጭ እንጨት ይነሣና፣ ወደ ብጫው እንጨት ተገብቶ አንድ ቀለበት ይመረጣል። ያን አንድ ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሉታል። ቀለበቱ ጎበጥ ካለ አብረው ይጎብጣሉ፤ ጉጥ ካለበት በዙሪያው እንጨት ይተዉለታል። ቢላዋው አንድ ቦታ ላይ ሾልኮ ወደ ታችኛው ቀለበት ከገባ ግን ቀስቱ በዚያ ቦታ ሊከዳ ይችላል።

የመጨረሻው ነገር መድረቅ ነው። እርጥብ እንጨት ይታጠፋል እንጂ አይመለስም። በልጅነታችን ከእርጥብ ቅርንጫፍ የሠራነው ቀስት ጠዋት ጥሩ ሆኖ ማታ ላይ እንደ ማጭድ ጎብጦ የሚቀረው ለዚህ ነው። ግንዱ ሲፈለጥ ጫፎቹ ፈጥነው ደርቀው እንዳይሰነጠቁ ሙጫ ወይም ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ሽማግሌው ፍልጡን በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት ነበር። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ዝግጁ ነው ይላሉ፤ በውስጡ የሚቀረው እርጥበት ከ8 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይመርጣሉ። ማንም ሰው እንጨቱን በመቆጣት ቶሎ ሊያደርቀው አይችልም።

ይህን ሁሉ ስሰማ ሳሙኤል ትዝ አለኝ። በእሴይ ቤት ኤልያብን ባየ ጊዜ ቁመቱና መልኩ ማርኮት፣ የእግዚአብሔር ምርጥ ይህ ነው ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። እኔም በጣውላ መሸጫው ውስጥ ኤልያብን መርጬ ወጣሁ።

የሌላ እንጨት ልክ

«መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮስ አይሰበርም ነበር?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። «ወይ ይሰበራል ወይ ይጎብጣል» አሉ። «ሌላም ስሕተት አለህ። ለኦክ የዪውን ልክ ሰጠኸው።»

ዪው በአውሮፓ የሚበቅል፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። የሜሪ ሮዝ ቀስቶች የተሠሩት ከእርሱ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ እንጨት መለጠጥን ይችላል፤ ከእርሱ በታች ያለው ቀላ ያለ እንጨት ደግሞ መጨመቅን ይችላል። ፈጣሪ በአንድ ግንድ ውስጥ ሁለቱን ጠባዮች ጎን ለጎን አስቀምጦታል። ስለዚህ የዪው ቀስት ጠባብና ወፍራም ቢሆን ይችለዋል። እነ ሂከሪ፣ አሽ፣ ኤልምና ኦክ ግን ሌላ ልክ ይፈልጋሉ፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ክንድ ይሻሉ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በዴንማርክ ሆልሜጎርድ በሚባል ረግረግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 የተገኙት የኤልም ቀስቶች ወደ 9,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ ክንዶቻቸውም ሰፋፊና ጠፍጣፎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች የያዙትን እንጨት ያውቁት ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የክንዱን ስፋት እጥፍ ብታደርጉት ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ወፍራም መሆን ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ወፍራም እንጨት ሲታጠፍ ጀርባው ይበልጥ ይለጠጣል፤ ሆዱም ይበልጥ ይጨመቃል። ያን ጫና የማይችል እንጨት ሥራውን በስፋቱና በርዝመቱ ማካፈል አለበት። ሰፋ ሲል ሸክሙ ለብዙ ቃጫ ይከፋፈላል፤ ረዘም ሲል በየቦታው ያለው መታጠፍ ይቀንሳል።

ልኩን ለሚወዱ፣ በሁለተኛው ቀስቴ የተጠቀምኩት ይህ ነው። ፍላጻ የምስበው 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ያን እጥፍ አድርጌ፣ ለማይታጠፈው መያዣና አካባቢው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሬ፣ የቀስቱን ቁመት 168 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት። እንጨቱ ሂከሪ ስለነበር ክንዶቹን ከመያዣው እስከ መካከላቸው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ሰጠኋቸው። ከዚያ ወደ ጫፍ እየጠበቡ ሄደው በ12 ሚሊ ሜትር ያልቃሉ፤ ጫፉ ቀላል ሲሆን ቀስቱ ፈጣን ነው። ኦሴጅ ኦሬንጅ ቢሆን ኖሮ ስፋቱ ከ35 ሚሊ ሜትር ብዙ ባላለፈ ነበር፤ እርሱ ጫናን ስለሚችል። ውፍረቱን መያዣው አጠገብ ከ15 ሚሊ ሜትር ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልክ የሚወስነው ሜትር ሳይሆን እንጨቱ ራሱ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ ሳኦል የራሱን ጥሩርና የናስ ቁር አለበሰው። ሳኦል በክፋት ያደረገው አይመስለኝም፤ ለእርሱ የጦር ሰው ማለት እንደዚያ የለበሰ ነውና። ዳዊት ግን በዚያ መራመድ አልቻለም። አውልቆ ወንጭፉን ያዘ። ይህን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ከአሥር ጊዜ በላይ አስተምሬዋለሁ። ስሰብክም ሁልጊዜ በዳዊት በኩል እቆም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳኦል እኔ ልሆን እንደምችል አላሰብኩም።

ስለዚያ ወንድም

ወደ አሜሪካ ከመሄዴ በፊት የወጣቶች መሪ ነበርኩ። በቡድናችን ውስጥ አንድ ግሩም ሰባኪ ወጣት ነበረን፤ ሲቆም ቃል እንደ ውኃ ይፈስለታል። ሌላም ወጣት ነበር። ዝምተኛ ነው። እሁድ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ወንበር ይደረድራል፤ የተበላሸ ማይክራፎን ይጠግናል፤ የታመመ ካለ ማንም ሳይነግረው ሄዶ ይጠይቃል። እኔ ግን ይህን ሁሉ አገልግሎት ብዬ አልቆጠርኩትም። በእኔ ሚዛን አገልጋይ ማለት መድረክ ላይ የሚቆም ነበር። ስለዚህ «ላሳድገው» ብዬ ተነሣሁ። ለመጀመሪያው ወጣት ያዘጋጀሁትን የስድስት ወር ሥልጠና ቃል በቃል ለእርሱም ሰጠሁት። ከዚያ በወጣቶች ጉባኤ ምሽት እንዲሰብክ መደብኩት።

«መምህር፣ እኔ እኮ በሰው ፊት መናገር አልችልም» አለኝ። እኔም ፈገግ ብዬ «ሙሴም እንዲሁ ብሎ ነበር» አልኩት። በዚያ ሰዓት የረሳሁት ነገር ነበር፤ ሙሴ እንዲያ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር አሮንን ሰጥቶታል።

ያን ምሽት ወጣ። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈተ። ድምፁ አልወጣም። ከኋላ ያሉ ጥቂት ልጆች ሳቁ። ቆሞ፣ ቆሞ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ ወረደ። በሚቀጥለው እሁድ ወንበር የደረደረ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ስልክ ደወልኩለት፤ አላነሣም። ሽማግሌዎች ሲጠይቁኝ፣ «ጥሪው የለውም መሰለኝ» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ጉዳዩን ዘጋሁት።

በሚዙሪ፣ በዚያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ስባሪው እጄ ላይ ሆኖ «ለኦክ የዪውን ልክ ሰጠኸው» ሲሉኝ የመጣብኝ ፊት የእርሱ ነበር። ሽማግሌው ስለ እንጨት ብቻ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። «ጥሪው የለውም» ያልኩት በእንጨቱ ማሳበቤ ነበር። እንጨቱ ጥፋት አልነበረበትም። ልኩ የእኔ ነበር።

ደካማውን ቦታ አትንካው

ሁለተኛውን ቀስት ስሠራ ከፊቱ ይልቅ ቀስ አልኩ። ቅርጹ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ሥራ ክንዶቹን መታጠፍ ማስተማር ነው። ጫፉን መሬት ላይ አስደግፎ ትንሽ ብቻ መጫን፣ ማየት። ከዚያ ረጅም አውታር አስሮ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መሳብ፣ ማየት። ጥቂት በሞረድ መፋቅ፤ ሃያ ሠላሳ ጊዜ በቀስታ መሳብና መልቀቅ፤ ከዚያ እንደ ገና ማየት። እንጨቱ የተፋቀውን ነገር ወዲያው አያሳይም፤ ሥራ ሲሠራ ነው የሚያሳየው። ችኩል ሰው ሳያሠራው ደጋግሞ ይፍቅና በመጨረሻ ቀስቱ ደካማ ሆኖ ያገኘዋል። ስፋት ላይ 3 ሚሊ ሜትር መቀነስ የዚያን ቦታ ጥንካሬ 7 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ከ15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ 1 ሚሊ ሜትር መቀነስ ግን ወደ 19 በመቶ ይቀንሰዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ጥቂት የሞረድ ምልልስ ነው። የተወሰደ ደግሞ አይመለስም።

በታችኛው ክንድ ላይ አንድ ቦታ ከሌላው ይልቅ ይታጠፍ ጀመር። እንደ በር ማጠፊያ እዚያው ላይ ይሰበሰባል። ሞረዴን ይዤ ወደዚያ ቦታ ስሄድ ሽማግሌው እጄን ያዙኝ።

«ደካማውን ቦታ አትንካው። እርሱ የሌሎቹን ሥራ ብቻውን እየሠራ ነው። ሂድና ሌሎቹን አስተካክል።»

ለሁለት ቅዳሜ ያን ቦታ ሳልነካ ከላይና ከታች ያለውን፣ የማይታጠፈውን ግትር ክፍል ፋቅሁ። ሌሎቹ ድርሻቸውን መታጠፍ ሲጀምሩ ያ ቦታ አረፈ። በመጨረሻ ቀስቱ ሲሳብ ሁለቱም ክንዶች እኩል ይታጠፉ ነበር፤ ደካማ የተባለውን ቦታ እኔ እንኳ መለየት አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ እንደ ሆነች ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ስለ አካል ክፍሎች ሲናገር ያስረዳናል፤ ደካሞች የሚመስሉት ብልቶች የግድ ያስፈልጋሉ። እኛ ግን ከመካከላችን አንዱ ሲደክም የምንፍቀው ያንኑ የደከመውን ነው። ምክር በእርሱ፣ ተግሣጽ በእርሱ፣ ሥልጠና በእርሱ ላይ ይሆናል። ምናልባት መፋቅ የሚያስፈልጋቸው በዙሪያው ያሉት ግትሮች ናቸው። ከኋላ የሳቁት ልጆች ናቸው። ከሁሉ በፊት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ያ ቀስት ዛሬም ይሠራል። ጓዳ ውስጥ ያለው እርሱ ነው። ስጨርስ ሁልጊዜ አውታሩን አወልቅለታለሁ፤ ሁልጊዜ ተገትሮ የሚኖር ቀስት ጉልበቱን ያጣልና።

ይታይ ነበር

ወደ አገሬ እንደ ተመለስኩ ወንድሜን ፈለግሁት። የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበር ጠረገልኝ፤ ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ምክንያት ላለመደርደር በመንገድ ላይ ስጸልይ ነበርና አልደረደርኩም።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ በእጁ ያለውን ሬዲዮ አገላበጠ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ ይቅር ካልኩህ ቆይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ስድስት ወር ሙሉ አስተማርከኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ግን ምን ማድረግ ደስ እንደሚለኝ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

መልስ አልነበረኝም። «አሁን ልጠይቅህ?» አልኩት። ሳቀ።

ታሪኩን አሳምሬ ልጨርስላችሁ አልችልም። ወደ እኛ ጉባኤ አልተመለሰም። በሌላ ቤተ ክርስቲያን በኋለኛው ረድፍ ይቀመጣል፤ መድረክ ሲያይ አሁንም እጁ እንደሚያልበው ነግሮኛል። ግን አንዳንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አብረን ሆስፒታል ሄደን ሕሙማንን እንጠይቃለን። እዚያ እርሱ መምህር ነው፤ እኔ ተማሪ። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይናገር፣ የበሽተኛውን ትራስ ሲያስተካክል ታያላችሁ። እኔ ቃል እፈልጋለሁ፤ እርሱ አያስፈልገውም።

አንድ ቀን ወደ ቤቴ መጥቶ ያን የተሰበረ ቀስት ከግድግዳው አወረደው። እጁ የጠጋኝ እጅ ነውና በጣቱ መስመሩን ተከተለ፤ ከመሀል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ እስከሚወጣበት ድረስ። «ይሄ እኮ ከመሰበሩ በፊት ይታይ ነበር» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ «ይታይ ነበር።» መልሶ ሰቀለው። እህቴ፣ ቀስቱ እዚያ የተሰቀለው ለዚህ ነው። አዲስ ወጣት ወደ ቡድናችን በመጣ ቁጥር አስቀድሜ እርሱን እንዳይ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ መካከል በሌላ ሰው ልክ ራሱን እየፋቀ ያለ አለ። እንደ እገሌ ካልዘመርኩ፣ እንደ እገሊት ካልጸለይኩ እያላችሁ በየቀኑ አንድ ሚሊ ሜትር ከራሳችሁ ላይ ታነሣላችሁ። ቁሙ። መጀመሪያ መስመራችሁን አንብቡ። ሠሪው ምን እንጨት እንዳደረጋችሁ ጠይቁት፤ የሚያውቋችሁን ታማኝ ሰዎችም ጠይቁ። ሰፊ ክንድ ያስፈለገው እንጨት ከጠባቡ አያንስም፤ ሁለቱም ፍላጻቸውን ይልካሉ። ገና እርጥብ ከሆናችሁ ደግሞ ጥላ ሥር መቀመጥ ቅጣት አይደለም። ጮኾ ባይሰበርም ጎብጦ የቀረ፣ በየሳምንቱ እየመጣ ጉልበቱ ያለቀ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሂዱና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ምን ማድረግ ደስ እንደሚለው።

ለመሪዎችና ለመምህራን ደግሞ በ2ኛ ነገሥት 13 ያለውን አስታውሱ። ነቢዩ ኤልሳዕ ታሞ ሳለ የእስራኤል ንጉሥ ወደ እርሱ መጣ። ኤልሳዕ ቀስት እንዲይዝ አዘዘው፤ ከዚያም የራሱን እጆች በንጉሡ እጆች ላይ ጫነ። ቀስቱን አልነጠቀውም፤ ለብቻውም አልተወውም። የያዘው እጅ የንጉሡ ነበር፤ ከላይ ያረፈው የነቢዩ። በወጣት ላይ የምንጭነው እጅ እንደዚያ ይሁን።

ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን።